አመስግነን ያባረርናት

ሰዎች ፀዳልን ያባረራት አሞስ የሚባለው ሰውዬ ነው ይላሉ። ውሸታቸውን ነው። አሞስ ከኢየሩሳሌም መጥቶ አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቶ የሄደ ሰው ነው። ያባረርናት እኛው ነን፣ ያውም እየመረቅን።

ፀዳል በሰፈራችን ክሊኒክ፣ እኛ ኩፓ በምንለው፣ አገናኝ ነበረች። ሰፈራችን ሽኩና ሄ ነው፣ ቤርሼቫ። ዶክተር ኤላ በዕብራይስጥ ትናገራለች፣ እናቶቻችን በአማርኛ ይናገራሉ፣ ፀዳል መሀል ቁጭ ብላ የዚያን ወደዚህ፣ የዚህን ወደዚያ ታደርሳለች። ረቡዕ ረቡዕ ደግሞ ስኳር ያለባቸውን ትልልቅ ሰዎች ከፎቃችን ሥር ባለው መጠለያ ሰብስባ ታስተምራለች። ጦርነት ቢመጣ የምንደበቅበት መጠለያ ነው፤ ጦርነት እስኪመጣ ድረስ ግን የስኳር ትምህርት ቤት ነበር። ጣታቸውን ወግታ ስኳራቸውን ትለካለች፣ ዳቦ ቀንሱ ትላለች፣ ከዚያ ሁሉንም አስከትላ ሰፈሩን ታዞራቸዋለች። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ምርኩዝ ይዘው፣ የስፖርት ጫማ አድርገው ሲሄዱ ባያችሁ! ሩሲያዎቹ ጎረቤቶቻችን በየሳምንቱ አንድ ሰው የምንቀብር ይመስላቸው ነበር።

ለኔ ግን ፀዳል ሌላ ነገር ናት። እሷ ከመቀጠሯ በፊት የሰፈሩ አስተርጓሚ እኔ፣ ትዋብ፣ ነበርኩ። ከኢትዮጵያ መጥተን እስራኤል ስንገባ አሥር ዓመቴ ነው። ዕብራይስጡ ቶሎ ገባኝ፣ ከዚያ በኋላ ማን ይልቀቀኝ! ክፍል ውስጥ ቁጭ ባልኩበት እማ ኩፓ ልትወስደኝ በሩን ታንኳኳለች። የሷ ሲያልቅ የጎረቤት ይቀጥላል። እማማ ውባንች ሆዳቸው ከደረቀ ስንት ቀን እንደሆነው በአሥራ አንድ ዓመቴ ለሐኪም የተናገርኩ ልጅ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ እኔን የሚያሳፍረኝ ነገር የለም። ፀዳል ስትመጣ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። እማም በኔ ፊት የማትለውን ለፀዳል ትላታለች። ረቡዕ ሰው ከተበተነ በኋላ ሁለቱ ጥግ ይዘው ሲንሾካሾኩ፣ እኔ ስገባ ዝም ይላሉ።

«ምንድን ነው?» እላለሁ።

«የአዋቂ ወሬ ነው፣ ውጪ!» ትላለች እማ።

የሊባኖስ ጦርነት ባለፈ በዓመቱ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ፀዳል ለሰዉ እንዲህ አለች፦ «የሚመጣው ረቡዕ ከላይ ከቢሮ ሰው ይመጣል። በየክሊኒኩ ማን ምን እንደሚሠራ፣ የትኛው ፕሮግራም እንደሚቀጥል የሚያይ ሰው ነው። የሚጠይቃችሁን መልሱለት።» በቃ፣ ይህን ብቻ። እንዲህ በሉልኝ አላለችም። ፀዳል አፏ ላይ ቁልፍ ያለባት ሰው ናት።

እሷ ወጣ ስትል አባባ ዘርዑ ሰዉን አስቀሩት። በዕድሜ የሁሉም ታላቅ ናቸው፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው።

«ሹም ሊመጣባት ነው» አሉ።

«በፀዳል? እኔ ልምጣባቸው!» አሉ እማማ ውባንች። «ምን አደረገች?»

«ምንም አላደረገች። ሹም የሚመጣው ጉድለት ሊፈልግ ነው። ይህ አልገባን፣ ያ ጎደለን ብንለው፣ ‹ታዲያ አንቺ ምን ስትሠሪ ከረምሽ?› ነው የሚላት። ስለዚህ ስሙኝ፤ አንድ ጉድለት ከዚህ ቤት እንዳይወጣ። አስተማረችን፣ ተማርን፣ ዳንን። ልጃችን ናት፤ ዛሬ ካልቆምንላት መቼ ልንቆምላት ነው?»

«እውነት ነው፣ እውነት ነው» አሉ ሁሉም። እናቴም፣ አገሬ የምትባለው፣ አብራ አለች።

«አባባ» አልኩ እኔ፣ «እዚህ አገር እኮ የሚሰጠው ለሚጮህ ነው። ዝም ላለ ሰው ምንም የለም።»

«የዚችን ልጅ አፍ ማን ነው የከፈተው?»

«እግዜር ነዋ። መዝጋቱን ረስቶት ነው።»

እማ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ሰዉ ሳቀ፣ ነገሩም በዚያው አለፈ።

ረቡዕ ዕለት ትምህርት ቤት አልሄድኩም። እማማ ውባንች ከቤታቸው ትራስ አምጥተው የእንግዳውን ወንበር አለስልሰዋል። አሞስ ገባ። ኮስተር ያለ፣ ከረባት ያሰረ ሰው ጠብቄ ነበር፤ በሰንደል ጫማ መጣ፣ ፈገግታው ጆሮው ድረስ። ክፉ ቢሆን ይሻለን ነበር፤ ክፉ ሰው ቢሆን ቢያንስ ይቆጡት ነበር። ሁሉም ብድግ ብለው እጅ ነሱት፣ አባባ ዘርዑ ቆመው መረቁት፣ እሱም ምርቃቱ እስኪያልቅ አብሯቸው ቆመ።

ከዚያ ጥያቄውን ጀመረ። ፀዳል ታስተረጉማለች።

«ሐኪሟ የምትላችሁ ይገባችኋል?»

«ፀዳል ከመጣች ወዲህ ያልገባን የለም» አሉ አባባ ዘርዑ። «ዕውሮች ነበርን፣ ዓይናችንን አበራችልን።»

ፀዳል ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ በዕብራይስጥ ነገረችው።

«መድኃኒታችሁን ለብቻችሁ ትወስዳላችሁ?»

«ለብቻችን! ምን ገዶን!» አሉ እማማ ውባንች። ክኒናቸውን በቀለም ብቻ የሚያውቁ ሴትዮ ናቸው። ቀለሙ የተለወጠ ጊዜ የማታውን ጠዋት እየዋጡ ራሳቸውን ስተው መታጠቢያ ቤት የወደቁት እሳቸው አይደሉም እንዴ?

«የስኳር መለኪያውስ አያስቸግራችሁም?»

«እንደ ውሃ ነው የጠጣነው» አለች እማ። የኔዋ እማ! ቁጥሩን የማነብላት እኔ ነኝ።

«እሺ፤ የጎደላችሁ ነገርስ አለ?»

«ምስጋና ለፈጣሪ፣ ሙሉ ነን!» አሉ አባባ ዘርዑ። «አንቱን ያኑርልን። ልጆችዎን ያሳድግልዎ።»

ሴቶቹ እልል አሉ። ፀዳል ፊቷ አመድ መስሏል፤ እሱንም ግን ተርጉማ ጨረሰች፣ የገዛ ሞቱን እንደሚያነብ ሰው።

እኔ አልቻልኩም። ተነሣሁና በዕብራይስጥ «ውሸት ነው!» አልኩት። «እንግዳ ስለሆንክ ነው እንዲህ የሚሉህ። ለእንግዳ ገመና መንገር ነውር ነው እኛ ዘንድ። እሷ ከሌለች ግማሾቹ ይሞታሉ፣ ግማሾቹ ደግሞ እኔን ከክፍል ይጎትቱኛል!»

አሞስ ወደኔ ዞረ። ዓይኑ በራ። «ምን ያማረ ዕብራይስጥ ነው! ከመጣሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«አምስት ዓመት። ወሬ አትለውጥብኝ።»

ከልቡ ሳቀ። «አምስት ዓመት! አየሽ ፀዳል? በየቤቱ እንዲህ ያለች ልጅ ካለች ሥራሽ ፍሬ አፍርቷል ማለት ነው።»

«በየቤቱ የለችም! እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት አለብኝ!»

«ታዲያ ዛሬስ ለምን አልሄድሽም?» አለኝ፣ በፍቅር።

«ምን አለችው? ምን አለችው?» ሰዉ ተንጫጫ። እማ ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ። አባባ ዘርዑ በእኔ ፋንታ ለመኑት፦ «ይቅር ይበሏት ጌታው፣ ልጅ ናት፣ እዚህ አገር አድጋ ባለጌ ሆናብን ነው።» ፀዳል ይህንንም ተረጎመች።

ከወር በኋላ መልሱ መጣ። ፕሮግራሙ ግቡን ስለመታ ተዘግቷል፤ የፀዳል የሥራ ቦታም ለሌላ ከተማ ተሰጥቷል፣ እሷም ተሰናብታለች። የዚያ ከተማ ሰዎች ተቆጣጣሪው ሲመጣ ጠረጴዛ ደብድበው ጮኸውበታል አሉ።

የኛ ሰዎች ግራ ገባቸው። መጠለያው ውስጥ ተቀምጠው ሰማይ የተደፋባቸው መሰሉ።

«አመሰገንናት እኮ!» ይላሉ አባባ ዘርዑ። «የተመሰገነ ሰው እንዴት ይባረራል?»

«ምናልባት» አሉ እማማ ውባንች፣ «አሳንሰናት ይሆን? አንቱም ዓይናችንን አበራች ብለው ብቻ ተዉት። ካልጋ አነሣችን ማለት ነበረብዎ።»

«እንዴት አልታሰበኝም!» አሉ አባባ ዘርዑ፣ ጉልበታቸውን መትተው። እሳቸውና ሁለት ሽማግሌ ደግመው ሊያመሰግኗት ኢየሩሳሌም ሄዱ። ዘበኛው ከበር መለሳቸው።

ፀዳል ከመጠለያው ግድግዳ የፍራፍሬውን ሥዕል እየነቀለች ሳለ ደረስኩባት።

«አንቺ እኮ መሀል ላይ ነበርሽ» አልኳት። «እነሱ ‹ሙሉ ነን› ሲሉ፣ አንቺ ‹ገና ብዙ ይጎድለናል ይላሉ› ብትይው ማን ያውቅብሽ ነበር?»

«አንቺ ታውቂ ነበር።»

«እኔማ እስቅልሽ ነበር!»

«ትዋብ፣ ለራሴ አንዲት ቃል ከጨመርኩ፣ ነገ እናትሽ ሐኪም ፊት አፏን ስትከፍት በምን ታምነኛለች?» ሥዕሉን ጠቀለለችው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እናትሽን ዶክተር ኤላ ዘንድ ውሰጃት» አለችኝ።

«ምን ሆና?»

«ውሰጃት ብቻ። አታቆዪ።»

«ማን ያስተረጉምላታል?»

ሥዕሉን በክንዷ አቅፋ ወጣች። በሳምንቱ ሃዴራ ከተማ እህቷ ዘንድ ሄደች፤ አሁን እዚያ አንዲት አሮጊት ታጥባለች፣ ታበላለች።

እማን ለመውሰድ ስንት ጊዜ ተጨቃጨቅን! ደህና ነኝ ትላለች። አንድ ጠዋት ግን ለሃቪም በምትባለው ከተማ የሰው ቤት ልታጸዳ ስትወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። እጇን ይዤ ኩፓ ወሰድኳት።

ዶክተር ኤላ ሞኝ አይደለችም። የዓይኗን ሥር ገልጣ አየችና፣ «ደም ይፈሳታል? ከታች?» አለችኝ።

ተረጎምኩ። ምንም ሳላለሳልስ።

እማ ግድግዳውን አየች። «እንዲህ ያለ ነገር ከልጄ ጋር አልነጋገርም።»

«እዚህ ልጅሽ አይደለሁም እማ፣ አስተርጓሚ ነኝ።»

«ወልጄሻለሁ። የለም በያት።»

«የለም ትላለች» አልኩ ለኤላ። «ግን ውሸቷን ነው። ለፀዳል ነግራታለች። ደውዪላት፣ ስልኳ ይኸው።»

ኤላ አንገቷን ነቀነቀች። «ፀዳል አሁን የኛ ሠራተኛ አይደለችም። የታካሚ ምስጢር ከሠራተኛ ውጭ ለማንም ማውጣት አልችልም፤ ክልክል ነው።» አዝናለች፣ ያስታውቃል። ከዚያ ፊቷ ፈካ። «ቆይ፣ አማርኛ የሚችል ሠራተኛ አለን!» ብላ በሩን ከፍታ ተጣራች።

እኔ አዲስ ነርስ መስሎኝ ነበር። ይግዛው ገባ። በር ላይ ቦርሳ የሚፈትሸው ዘበኛ። የአባቴ የአጎት ልጅ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ቤት የሚበላው ይግዛው፣ ሽጉጡን እንደታጠቀ።

እማ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበች። «ይግዛው፣ እንደምን አደርክ? ልጆቹ ደህና ናቸው?»

«እግዜር ይመስገን። ምን ሆነሽ አገሬ?»

ኤላ ጥያቄዋን ነገረችው። ይግዛው ጆሮው ድረስ ጠቆረ። ጫማውን አየ፣ ጣሪያውን አየ። «እ… አገሬ… ደህና ነሽ ወይ ነው የምትለው።»

«ደህና ነኝ በላት።»

«ደህና ናት» አላት ለኤላ፣ ሸክም እንደወረደለት ሰው።

«እሱን አይደለም የጠየቀችህ ጋሼ ይግዛው! ደም ነው ያለችው፣ ደም!»

«አንቺ ስድ! ቆይ አባትሽ ይርዳው ይህን ይስማ፣ ያኔ ይሻልሻል!» አለኝ። እማ ተነሣች። ኤላ ሁለታችንን ተራ በተራ አየች፤ የደም ምርመራ አዘዘች፣ ወደ ሴቶች ሐኪም ላከቻት። እሱም ወንድ ነው። እዚያም አገናኝ የለም፣ ጠይቄአለሁ።

ውጭ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ተቀመጥን። እማ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ለኔ ንገሪኝ» አልኳት። «ተርጉሜ እረሳዋለሁ፣ እሙትልሽ።»

«ያንቺን አፍ እያወቅኩት?» ትንሽ ሳቀች፣ ግን ዓይኗ አልሳቀም። «ነገ ባል ታገቢያለሽ። የእናትሽን ነውር ተሸክመሽ አትሄጂም።»

«በሽታ እኮ ነው እንጂ ነውር አይደለም!»

«ለናንተ።»

የለሃቪም አውቶቡስ መጣ። የሥራ ልብሷ ያለበትን ፌስታል አንሥታ፣ ብረቱን ጨብጣ፣ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ቆመች፤ ትንፋሽ አጥሯት። «ኑ፣ ጌቬሬት!» አለ ሹፌሩ። ቶሎ በይ፣ እመቤት ማለቱ ነው፤ እሱን ማንም ሳይተረጉምላት ገብቷት ተሳፈረች።

እኔ ወደ ኩፓው ተመለስኩ። ይግዛው ቦርሳዬን ከሌላው ቀን አስረዝሞ ፈተሸ። መዝጋቢዋ ለሴቶች ሐኪሙ ማክሰኞ ጠዋት ቦታ አለ አለችኝ።

«ማን ነው አብሯት የሚገባው?»

«እኔ።»

ከመነጽሯ በላይ አየችኝ። «ማክሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት የለሽም እንዴ?»

«አለኝ» አልኳት። «ጻፊው።»