ንድፍ ቁጥር 417

ሰባት ዓመት ሙሉ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሜ የጠራኝ ሰው የለም። በር ላይ ያለው ዘበኛ ጠዋት ጠዋት፣ "አራት አሥራ ሰባት፣ እንዴት አደርሽ?" ይለኛል። ክፋት የለውም፣ ለምዶበት ነው። ጸሐፊዎቹም ሾፌሮቹም እንደዚያው ናቸው። ቁጥሩ ጠፋ የተባለ የሕንፃ ንድፍ ቁጥር ነው። ያጠፋሽው አንቺ ነሽ ተባልኩ። አላጠፋሁም።

የኛ መሥሪያ ቤት የሕንፃ ንድፍ የሚቀመጥበት ነው። ትምህርት ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው፤ የተቀጠርኩትም ጥቅል ንድፍ ከፎቅ ወደ ምድር ቤት እንድሸከም ነበር። የስካነር ማሽን ሲመጣ የተማሩት "ያበላሸነው እንደሆነስ?" እያሉ ሲሸሹት እኔ ተጠጋሁት። ሁለት ዓመት ሠራሁበት። አንድ ወረቀት አልቀደድኩም።

አንድ ቀን ቀትር ላይ እናቴ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ የሚል ስልክ መጣ። ቁጥር 417፣ የአንድ ትምህርት ቤት ደረጃ ንድፍ፣ ማሽኑ መስታወት ላይ ተዘርግቷል። ኃላፊያችን አጠገቤ ቆሟል። "ማኅተም" ነው የምንለው፤ አንብቦም ሳያነብም የመጣለትን ወረቀት ሁሉ ስለሚመታ። "ሂጂ ሂጂ፣ ይችን እኔ እጨርሳታለሁ" አለኝ። እኔም እንዳስተማሩኝ በስሜና በምስጢር ቃሌ የገባሁበትን መግቢያ ከማሽኑ ዘጋሁና ሮጥኩ።

በሦስተኛው ቀን ስመለስ ንድፉ የለም። ወረቀቱ ጣሪያ አፍስሶበት የበሰበሰ ስለነበር ስካን ተደርገው ከሚቃጠሉት አሮጌ ወረቀቶች ጋር ሄዷል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ደግሞ 416 አለ፣ 418 አለ፣ መሐሉ ባዶ ነው። ማኅተም ዓይኔን እያየ፣ "ፈቃድ አልሰጠኋትም። ማሽኑም ጋ አልተቀመጥኩም" አለ። በማግሥቱ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ደብዳቤ ተለጠፈ፦ "በዚህ ቀን፣ በሠራተኛዋ ቸልተኝነት፣ ንድፍ ቁጥር 417 ጠፍቷል"። ከነቀኑ በቃሌ ነው የማውቀው። አንድ ወር ተሰቅሎ ከረመ። እኔ ወደ ጽዳት ተዛወርኩ። የዚያን ሰሌዳ መስታወት በየጠዋቱ የምወለውለው እኔ ነኝ፤ ቁልፉም የሚያድረው እኔ ኪስ ውስጥ ነው።

ባለቤቴ፣ "አንቺ ሴት፣ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም" ይለኛል። ሲያዝንልኝ ደግሞ፣ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" ይላል። የኔው ሰባት ዓመት አደረ። ንጋቱ የት እንደቀረ እንጃ።

በሰባተኛው ዓመት አንድ ሳምንት፣ ፋይሉ ሁሉ የሚቀመጥበት አሮጌው ሰርቨር ሊደመሰስ፣ በምትኩ አዲስ ሊገባ ነው ተባለ። የኮምፒውተር ባለሙያ ከውጭ ተቀጥራ መጣች። ቀጭን ናት፤ ዘበኛው በመጀመሪያው ቀን "ሽቦ" ብሎ ስም አወጣላት። ሦስት ቀን ሙሉ እኔ ወለል ስወለውል እሷ ኮምፒውተሩ ላይ ጥቁር መስኮት ከፍታ ነጭ ፊደል ስትጽፍ ዋለች። አርብ ጠዋት አላስችል አለኝ።

"ልጄ፣ ይኸ ምንድን ነው?"

"ባች ይባላል እትዬ። ትእዛዞቹን በአንድ ፋይል ደርድሬ እጽፋለሁ፣ ስጠራው ራሱ እየተከተለ ይሠራል። ይኸኛው እዚህ ሰርቨር ውስጥ ያለውን ፋይል በሙሉ ይዘረዝርልኛል።"

"በሙሉ ስትዪ?"

"ፎልደር ውስጥ ፎልደር አለ፣ እሱ ውስጥ ሌላ ፎልደር፣ እሱም ውስጥ…"

"እንደ ጎረቤት ወሬ በይኛ።"

ሳቀች። "ልክ ነሽ። ግን ስላሽ ኤስ የምትባለውን ካልጨመርሽ፣ በር ላይ ቆሞ ሳሎኑን ብቻ አይቶ ይመለሳል። ጓዳ አይገባም።"

"የማን ፋይል እንደሆነስ ያውቃል?"

"ስላሽ ኪው ብትጨምሪ ይነግርሻል። በማን መግቢያ እንደተፈጠረ ስሙን ከጎኑ ያወጣዋል።"

መወልወያው እጄ ላይ ቆመ። ያን ቀን መግቢያዬን ዘግቼ ነው የወጣሁት። ከኔ በኋላ ማሽኑን የነካ ሰው በራሱ መግቢያ መግባት ነበረበት።

"ሁሉም ነው ወደ አዲሱ የሚሄደው?"

"የለም። የሥራ ፎልደሮቹ ብቻ። በየሰው ስም ያሉት ይደመሰሳሉ። ኃላፊያችሁ ናቸው እንደዚያ ያዘዙት፤ የግል ጓዝ ማን ይሸከማል ብለው።"

ባልዲውን አስቀመጥኩና ከእናቴ ዳሌ እስከ ሰሌዳው ነገርኳት። ስጨርስ ሰዓቷን አየች።

"አምስት ሰዓት ነው እትዬ። ስድስት ላይ ልደምስሰው ፈርሜያለሁ። ከተደመሰሰ በኋላ እኔም አላወጣው፣ ማንም አያወጣው።"

ያን ጊዜ ስልኳ ጮኸ። አዲሱ ማሽን ታች መጥቷል፤ እሷ ቆጥራ ካልተረከበች አያወርዱትም። በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለች።

"መስኮቱን አልዘጋሁትም። ምንም እንዳትሰርዢ። ዘርዝሪ ብቻ።"

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። እጄ በረኪና በረኪና ይሸታል። የላቲን ፊደል ከአራተኛ ክፍል የተረፈኝ ነው፤ እያንዳንዱን ቁልፍ እንደ ምስር እየለቀምኩ ጻፍኩ። ዲ፣ አይ፣ አር፤ ዘርዝር የምትለዋ ትእዛዝ፣ ሽቦ ስትጽፋት ሦስት ቀን ያየኋት። ስላሽ ኪው። ከዚያ እንደሷው ቀስት የምትመስለዋ ምልክት፣ ከዚያ ዝርዝሩ የሚፈስበት ፋይል ስም። አስቀመጥኩና ጠራሁት።

ዓይን ሳይጨፈን አለቀ። ደስ ብሎኝ ስከፍተው አሥራ አንድ መስመር ነው። አሥራ አንድ! አርባ ሺህ ገደማ ፋይል ያለበት ቤት። ኋላ ነው የገባኝ፤ ኤሷን ረስቻታለሁ። በር ላይ ቆሞ ሳሎኑን አይቶ ተመልሷል።

ጨመርኳት። እንደገና ጠራሁት። አሁን ዝም አለ፤ ጥቁሩ መስኮት ላይ ነጯ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች። በየጓዳው እየገባ ነው ማለት ነው። እኔ ሰዓቱን አያለሁ። ለስድስት ሠላሳ ጉዳይ። ለስድስት ሃያ አምስት ጉዳይ።

በሩ ተከፈተ። ማኅተም ነው።

"ምን ትሠሪያለሽ አንቺ?"

"እያጸዳሁ ነው ጋሼ።"

"ተቀምጠሽ ነው የሚጸዳው?"

"ኪቦርዱ አቧራ ይዟል። ሰባት ዓመት የነካው የለም።"

ሰባት የምትለዋን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። ወደ መስኮቱ አየ፣ ወደኔ አየ፤ ነገሩ የገባው አይመስለኝም፣ ግን ሸተተው። "በይ ተነሺ። ይኸንንም አሁኑኑ አጠፋዋለሁ" ብሎ እጁን ወደ ማጥፊያው ሰደደ። አልተነሳሁም።

"ጌታዬ፣ እንዳይነኩት!" ሽቦ በሩ ላይ ቆማ ታለከልካለች፤ ደረጃውን በሩጫ ነው የወጣችው። "ዝርዝር ላይ ነው ያለው። ዝርዝሩ ሳይሟላ ካጠፉት ርክክቡ ላይ የምፈርመው እኔ አይደለሁም፣ እርስዎ ነዎት።"

መፈረም የሚወድ ሰው በኃላፊነት መጠየቅን አይወድም። እጁን ሰበሰበ።

"ስድስት ሰዓት" አለ። "አንድ ደቂቃ አይለፍ።" ወጣ።

ሰረዟ ቆመች። ዝርዝሩ ሠላሳ ስምንት ሺህ መስመር ሆኖ ወጣ። መፈለጊያው ላይ 417 ብዬ ጻፍኩ። አልተገኘም አለ። ደገምኩት። አልተገኘም። 416 አለ፣ 418 አለ። ሽቦ ትከሻዬን ያዘችኝ።

"እትዬ… ምናልባት ጭራሽ አላስቀመጠው ይሆናል።"

ለስድስት አሥራ ሁለት ጉዳይ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ማሽኑን ሁለት ዓመት አውቀዋለሁ። ቁጥሩን የሚጽፈው ሰው እንጂ ማሽኑ አይደለም። ቁጥር መጻፍ እንዳለበት የማያውቅ ሰው ቢቀመጥበትስ? ማሽኑ ከራሱ ስም አውጥቶ ያስቀምጠዋል፤ ያውም በገባው ሰው ፎልደር ውስጥ። ስሙ ይሳሳታል እንጂ ቀኑ አይሳሳትም።

ቀኑን ጻፍኩ። ያ ደብዳቤ ንድፉ ጠፋ ያለበትን፣ በቃሌ የማውቀውን ቀን።

ሦስት ፋይል ወጣ። ሁለቱ ጠዋት በኔ መግቢያ የተሠሩ ናቸው፤ ቁጥራቸውን አስታውሳለሁ። ሦስተኛው ከቀትር በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ከአርባ ላይ። ስሙ "ስካን አንድ"። ከጎኑ የፋይሉ ባለቤት ተጽፏል። የማኅተም የመግቢያ ስም።

"ክፈቺው" አለች ሽቦ።

ከፈትኩት። የትምህርት ቤቱ ደረጃ ወጣ፤ ታች ቀኝ ጥጉ ላይ፣ የበሰበሰውን እንዲይዝ እኔ ራሴ አጣጥፌ የለጠፍኩት ፕላስተር አለ፣ ጠማማ ነው። ያን ጠማማ ፕላስተር ሳይ ነው እንባዬ የመጣው።

"አልቅሺ፣ ግን ኋላ" አለችኝ። "ስምንት ደቂቃ አለን።"

ንድፉን ወደ አዲሱ ማሽን፣ በ416 እና በ418 መሐል አስገባችው። ስሙን እኔ ልጻፍ ብዬ ለመንኳት። አራት፣ አንድ፣ ሰባት። ቀጥሎ የዝርዝሩን ያን ገጽ አተምኩ። ፎልደሩ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ባለቤቱ፣ ሁሉም ሳይሸራረፍ በአንድ ወረቀት ላይ፤ ከስካን አንድ ጎን በእስክሪብቶ 417 ብዬ ጻፍኩበት።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ማኅተም ገባ። ወረቀቱን እጄ ላይ አየው። አንብቢልኝም አላለ። በሩን ከኋላው ገጠም አደረገ።

"እህቴ" አለኝ። በሰባት ዓመት የመጀመሪያው ነው። "ያኔ አዲስ ኃላፊ ነበርኩ። ማሽኑን አላውቀውም። ያስቀመጥኩት መስሎኝ ወረቀቱን ወደሚቃጠለው ጣልኩት፤ ስፈልገው የለም። ፈራሁ። የቤተሰብ ሰው ነኝ።"

"እኔስ ከሰማይ ነው የወረድኩት? እናቴ ያን ቀን አልጋ ላይ ነበረች።"

"ገባኝ። ሰኞ ወደ ስካነሩ እመልስሻለሁ። ማንም ሳይሰማ በመካከላችን እንጨርሰው።"

እውነቱን ለመናገር ልቤ ወላወለ። ስካነሩን እወደዋለሁ። ጉልበቴም ወለል ላይ መንበርከክ እምቢ ካለኝ ቆይቷል።

"ስታዋርደኝ ማን አልሰማም?" አልኩት።

ሽቦ በሩን ከፈተችልኝ።

ደረጃውን ወረድኩ። የምሳ ሰዓት ስለሆነ መተላለፊያው ሰው ሞልቶታል። ቁልፌን አውጥቼ የማስታወቂያ ሰሌዳውን መስታወት ከፈትኩ። ያ ደብዳቤ ይሰቀልበት የነበረው ቦታ ላይ የአራቱ መርፌ ቀዳዳዎች አሁንም አሉ፤ አቧራቸውን ስጠርግ ሰባት ዓመት አይቻቸዋለሁ። ወረቀቱን በእነሱው ላይ ሰካሁት። ዘበኛው ከበሩ ተነሥቶ መጣ፤ ጣቱን በመስመሩ ላይ እያስኬደ ቀስ ብሎ አነበበ። የፋይሉ ባለቤት ስም ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ወደኔ ዞረ፣ "አራት…" ብሎ ጀመረና አፉን ያዘ።

መስታወቱን ዘጋሁት። ጨርቄን አውጥቼ ከላይ እስከ ታች ወለወልኩት፣ ሰው ከሩቅ እንዲያነበው።