ሃያ ሦስት ጊዜ ፈይዛ

የፈይዛን ስም ከገዛ ጽሑፏ ላይ ፋቁት። ሃያ ሦስት ጽሑፍ ነበር። ከሃያ ሦስቱም ሥር «ፈይዛ ኸይረዲን» የሚለው ጠፍቶ «ፀጋው ኮምፒውተር» የሚል ገባበት። ማንም አልነገራትም። ማክሰኞ ጠዋት የይለፍ ቃሏን ብታስገባ ብታስገባ አልከፍት ሲላት፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ ከውጭ ሆና ድረ ገጹን ስታይ ነው ያወቀችው።

ገጹ የሀብተ ሚካኤል ነው። ሀብተ ሚካኤል ተራራው ላይ፣ ቡይት ራስ በሚባል ቦታ፣ ባለ አሥራ ሁለት ክፍል ሎጅ አለው፤ ደባርቅ አስፋልቱ ዳር ደግሞ እንግዳ የሚቀበልበት ቢሮ። ፈይዛ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ እንደ መጣች «ከጎንደር፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ያገሬ ሰው በስልኩ አይቶ የሚደውልልኝ ነገር ሥሪልኝ» አላት፤ ሠራችለት። ስምንት ወር ፈጀባት፤ ምክንያቱም ወንበር ላይ ተቀምጣ አልሠራችውም። ከጎንደር ደባርቅ በሚኒባስ እየተመላለሰች፣ በሰው ትከሻ ላይ እያጮለቀች፣ ሰው ስልኩን እንዴት እንደሚያነብ አጠናች። በአንድ እጁ የፊቱን ወንበር ይጨብጣል፤ የሚቀረው የሌላው እጁ አውራ ጣት ነው። ስለዚህ የሚነካውን ሁሉ ለአውራ ጣት እንዲበቃ አድርጋ አሰፋችው። ዳባት ታልፎ ኔትወርኩ ሲደክም ፎቶዎቹ ግማሽ ላይ ቆመው ሲቀሩ አየች፤ አንድ በአንድ አቀለለቻቸው። እህቷ ኑራ ገበያው ዳር የስልክ ሱቅ አላት። ከዚያ ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ማንም የማይገዛው አሮጌ ስልክ ተውሳ ቡይት ራስ ድረስ ይዛው ወጣች። በዚህ ከተከፈተ በሁሉም ይከፈታል ብላ ነው። ተከፈተ።

ጽሑፎቹም አጫጭር ነበሩ፤ ሰው ከቤቱ ከመነሣቱ በፊት የሚጠይቀውን የሚመልሱ። በጥር ምን ይለበሳል? ጭላዳ ዝንጀሮ በስንት ሰዓት ይታያል? ሊማሊሞ ላይ ጉም ሲወርድ ሹፌር ምን ያደርጋል? ከእያንዳንዱ ግርጌ አንድ ሰፊ ቁልፍ አለ፤ ሲነኩት ቀጥታ ወደ ሎጁ ይደውላል። የሀብተ ሚካኤል ስልክ ቀኑን ሙሉ ይጮህ ጀመር።

ያን ማክሰኞ ቢሮው ስትደርስ ወንበሯ ላይ ፀጋው ተቀምጧል። ፀጋው ደባርቅ ውስጥ ማመልከቻ የሚያስጽፍ፣ ማኅተም የሚያስቀርጽ፣ ኮምፒውተር የሚያስተምር ሰው ነው። ደረቱን ነፍቶ ነው የሚራመደው።

«እንደምን አደርሽ» አላት፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ።

«ስሜ የት ሄደ?»

ሀብተ ሚካኤል ከጓዳው ወጣ። ፈይዛ በአፏ «እርስዎ» ነው የምትለው፤ በልቧ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ «አንተ» ሆነ።

«አትቆጪ እንጂ ልጄ። ፀጋው ቢሮ አለው፣ ንግድ ፈቃድ አለው፣ ማኅተም አለው። ነገ ማኅበሩ ‹ማን ሠራልህ?› ቢለኝ ምን ልበል? የኸይረዲን ልጅ፣ እህቷ ሱቅ ውስጥ ስልክ ስትነካካ የምትውለው?»

«ስሠራ ነው የምነካካው።»

«ሥራ በኮምፒውተር ነው» አለ ፀጋው። «ስልክ መጫወቻ ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። ፈይዛ ትታቸው ወጣች። ስትናደድ ቃል የሚያጥራት ሰው ሆና አይደለም፤ የምትናገረው ነገር ያን ቀን እንደማያቆስላቸው ስለገባት ነው።

ማኅበር የተባለው የደባርቅና የዳባት የሆቴልና የሎጅ ባለቤቶች በቅርቡ ያቋቋሙት ነው። የአሥራ አራቱንም አባላት የድረ ገጽ ሥራ ለአንድ ሰው ሊሰጡ ተስማምተዋል፤ የሚመርጡትም ከዚህ በፊት የሠራውን አይተው ነው። ፈይዛ ከእነዚያ ሃያ ሦስት ጽሑፎች በቀር የምታሳየው ሥራ የላትም። እንግዲህ ፀጋው የወሰደው የዛሬውን ብቻ አልነበረም፤ የሚመጣውንም ጭምር ነው።

በሳምንቱ ፀጋው ገጹን «አሳመረው»። ፈይዛ ኑራ ሱቅ ውስጥ ቆማ በስልኳ ከፈተችው፤ መጀመሪያ ስልኳ የተበላሸ መሰላት። «ደባርቅ» የነበረው ቃል «dÆRQ» ሆኗል። ከላይ እስከ ታች አንድም የአማርኛ ፊደል የለም። የፈረንጅ ፊደል፣ ቅንፍ፣ የፐርሰንት ምልክት፣ ቀንድ ያበቀለ ኦ።

ወዲያው ገባት። ፀጋው ጽሑፉን ሁሉ የቢሮው ጸሐፊ በለመደችው አሮጌ የአማርኛ ፎንት እንደገና አስተይቦታል። ያ ፎንት ጭምብል ነው። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የፈረንጅ ፊደል ነው፤ ፎንቱ ከላይ የእኛን ፊደል መልክ ያለብሰዋል። ፎንቱ በተጫነበት የፀጋው ኮምፒውተር ላይ እንደ ሠርግ ጥሪ ወረቀት ያምራል። ስልክ ላይ ጭምብሉ የለም። ይባስ ብሎ የመደወያውን ቁልፍ አንሥቶ ቁጥሩን አንድ ትልቅ ፎቶ ላይ ጽፎታል፤ ፎቶው ደግሞ ከስልክ ስክሪን ተርፎ ወጥቷል፤ የቁጥሩ ግማሽ እንኳ አይታይም።

ኑራ ስልኩን ተቀብላ አየችና አፏን በእጇ ያዘች። «ወላሂ ጉድ ነው! ትነግሪዋለሽ አይደል?»

«አልነግረውም።»

«ፈይዚ!»

«ማኅተም አለው። ስክሪኑ ላይ ይምታበት።»

«የሰው እንጀራ ነው እኮ።»

«የእኔስ ምን ነበር?»

ኑራ ስልኩን መለሰችላት። ፈይዛም በየጠዋቱ ከቁርስ በፊት ገጹን ትከፍታለች። አሁንም «dÆRQ» ነው። ደስ ይላታል፤ ደስ ማለቱም አያሳፍራትም። ከሰዓት በኋላ በባጃጅ በቢሮው ፊት ስታልፍ ሀብተ ሚካኤል በረንዳው ላይ ተቀምጦ፣ ያቺን ባትሪዋ ሳምንት ይቆያል እያለ የሚኮራባትን ባለ ቁልፍ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ሲያፈጥባት ታያለች። ያቺ ስልክ ዝም ብላለች። ለጠየቀው ሁሉ «መንገዱ ሰላም የለውም የሚለው ወሬ ነው ሰውን ያስቀረው» ይላል። አሥራ አምስት ቀን እንዲህ ሄደ።

የማኅበሩ ስብሰባ ዳባት፣ በወይዘሮ ገበያነሽ ሆቴል አዳራሽ ነበር። ወይዘሮ ገበያነሽ የማኅበሩ ሊቀመንበር ናቸው፤ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ፣ ሲቆጡም የማይጮኹ። ሥራውን ለመውሰድ ያመለከቱት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ፀጋውና ፈይዛ። ሀብተ ሚካኤል ከፊት ተቀምጦ ፈይዛን ሲያይ ቅንድቡን አነሣ።

ፀጋው ኮምፒውተሩን ከፕሮጀክተር ጋር አያይዞ የሎጁን ገጽ ግድግዳው ላይ አወጣው። በእርግጥም ያምራል። ፊደሉ ደቃቅና ጌጠኛ ነው፤ ሰው ሁሉ በአድናቆት «እህ» አለ።

«ሃያ ሦስት ጽሑፍ አለው» አለ ፀጋው። «ሁሉም በእኔ ቢሮ የተዘጋጀ ነው።»

ፈይዛ ተራዋ ሲደርስ ከወንበሯ ተነሣች፤ ወደ ፊት ግን አልሄደችም።

«የማሳያችሁ ነገር የለኝም። አንድ ልመና ብቻ። እስቲ ሁላችሁም ስልካችሁን አውጡና ይህንኑ ገጽ ክፈቱ።»

«ስልክ ደግሞ ምን ያደርጋል?» አለ ፀጋው። «ግድግዳው ላይ እየታየ!»

«እንግዳ ግድግዳህን ይዞ አይመጣም» አሉ ወይዘሮ ገበያነሽ፤ መነጽራቸውን አደረጉና ልጃቸው የገዛችላቸውን ስልክ አወጡ። ሌላውም እያንገራገረ አወጣ። መጀመሪያ የተናገሩት አቶ ገብረ ሚካኤል ናቸው፤ ደባርቅ መናኸሪያው አጠገብ አልቤርጎ ያላቸው፣ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ የነበሩ።

«እኔ ዳዊት የደገምሁ ሰው ነኝ» አሉ፣ ስልኩን አርቀው እየያዙ። «ይህ ግን ግዕዝም አይዶለም፣ አማርኛም አይዶለም። ጠልሰም ነው። ፀጋው፣ አጋንንት ልታስወጣ ነው እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ።

«ኔትወርክ ነው!» አለ ፀጋው።

«ኔትወርክ ያዘገያል እንጂ ፊደል አይቀይርም» አለች ፈይዛ።

«እንግዲያው የስልካችሁ ማርጀት ነው።»

«ያንተ አዲስ ነው። በራስህ ክፈተው።»

ፀጋው ያን የሚያብለጨልጭ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ሰው ሁሉ እያየው ከፈተ። ጣቱን ወደ ታች ጎተተ፤ ወደ ላይ መለሰ፤ እንደገና ጎተተ። ፊቱ ቀስ እያለ ሲከስል ፈይዛ አንዲትም አላመለጠቻትም። ለዚህ ነበር አሥራ አምስት ቀን የቆየችው።

ሀብተ ሚካኤል የጎረቤቱን ስልክ ነጥቆ አየ። «ስልኬ የማይጮኸው...» ብሎ ጀመረና ወደ እሷ ዞረ። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስልክ መጫወቻ ነው አላችሁኝ። ለጨዋታ ሰው አይረበሽም ብዬ ነው።»

ወይዘሮ ገበያነሽ ጠረጴዛውን በመነጽራቸው ቤት መታ መታ አደረጉ። «ቆይ፤ ይህን ጽሑፍ መጀመሪያ የጻፈው ማን ነው? በሚካኤል፣ እውነቱን ተናገር ሀብተ ሚካኤል።»

ሀብተ ሚካኤል ጫማውን አየ። «እሷ ናት።»

«ስሟስ የት ገባ?»

ሀብተ ሚካኤል በዓይኑ ወደ ፀጋው ጠቆመ።

«እንግዲያው ጉዳዩን ከማየታችን በፊት የወሰዳችሁትን መልሱ። ልጄ፣ ምን ይደረግልሽ?»

ፈይዛ ለዚህ ጥያቄ መልሱን አስባ አልመጣችም፤ ስትጠየቅ ግን ተሰልቶ የተቀመጠ ያህል አፏ ላይ ተገኘ። «ፀጋው በገዛ እጁ ስሙን አጥፍቶ ስሜን ይጻፍ። ከስሜ ሥር የስልክ ቁጥሬን፣ ሲነኩት የሚደውል አድርጎ። ሃያ ሦስቱም ላይ። እዚሁ፣ በስልኩ።»

«በስልክ እንዴት ይሆናል?» አለ ፀጋው። «ኮምፒውተሩ እያለ!»

«በስልኩ» አለች።

«ጻፍ ተባልህ፤ ጻፍ!» ብሎ ሀብተ ሚካኤል ጮኸበት።

ፀጋው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በአውራ ጣት መጻፍ አልለመደም፤ አንዱን ፊደል ሲፈልግ ሌላውን ይጫናል። የመጀመሪያውን ሲጨርስ ፈይዛ ከኋላው ቆማ አነበበች።

«‹ፋይዛ› አልክ። ‹ፈ› ናት። ድገመው።»

ደገመው። ስድስተኛው ላይ ላቡን ጠረገ። አሥረኛው ላይ አቶ ገብረ ሚካኤል «በርታ፣ መዝሙረ ዳዊት መቶ ሃምሳ ነው» ብለው አሳቁት ሰውን። አሥራ አራተኛው ላይ እንደገና «ፋ» አለ፤ ሳትጠይቀው ራሱ አጠፋው። ከኩሽና ምሳ ቀርቧል የሚል መልእክት መጣ፤ ማንም አልተነሣም። ፈይዛም አልተቀመጠችም። እግሯ እስኪዝል ቆማ እያንዳንዷን አነበበች።

ሃያ ሦስተኛው ሲያልቅ ሰው በየስልኩ አየው። ገጹ ያው እንደነበረው ዝብርቅርቅ ነው። በመካከሉ፣ በስልክ ስለተጻፈ፣ ሰው የሚያነበው አንድ ነገር ብቻ አለ፤ «ፈይዛ ኸይረዲን»፣ ከሥሩም ቁጥሯ።

ወይዘሮ ገበያነሽ አባላቱን በዓይናቸው ዞሩ፤ ራስ ሁሉ ተነቀነቀ። «በይ እንግዲህ ሥራው ያንቺ ነው። አሥራ አራቱንም ትሠሪያለሽ?»

«አሥራ ሦስቱን።»

«የእኔስ?» አለ ሀብተ ሚካኤል።

«የእርስዎ ተሠርቷል። በኮምፒውተር።»

ከት ብሎ የሳቀ ነበር፤ ሀብተ ሚካኤል ግን አልሳቀም። የጎረቤቱ ስልክ ላይ አፍጥጦ ቆየና ቀስ ብሎ ገባው። «ቁጥርሽ የእኔ ገጽ ላይ ምን ይሠራል?»

«የሚነበበው እሱ ብቻ ነው። አልጋ የሚፈልግ ሰው ይደውልልኛል፤ እኔም አልጋ ወዳለበት እልከዋለሁ። አሥራ ሦስት ቤት አለኝ።»

«አጥፋው! ፀጋው፣ አሁኑኑ አጥፋው!»

«ያጥፋው» አለች ፈይዛ። «ያን ጊዜ የሚነበብ ምንም አይኖርዎትም።»

የፀጋው አውራ ጣት ከስክሪኑ በላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሀብተ ሚካኤልን አየ፤ ሀብተ ሚካኤል ደግሞ ፈይዛን። ድምፁ ወረደ።

«ልጄ፣ በእኔ ተቀየሚ። ስምንት ሠራተኛ ግን አለኝ። ደብሪቱ ሦስት ልጆች የምታሳድገው በእኔ ወጥ ቤት ነው። እሷ ምን አደረገችሽ?»

ይህቺ ወጋቻት። ደብሪቱ የሎጁ ወጥ ሠሪ ናት፤ ፈይዛ ያን የተሰነጠቀ ስልክ ይዛ ብርድ ሲያንቀጠቅጣት ሳትጠየቅ ምድጃው አጠገብ ያስጠጋቻት ሴት። ፈይዛ ቦርሳዋን አነሣች። ለአንድ አፍታ ሁሉም የምትለሳለስ መሰላቸው፤ ወይዘሮ ገበያነሽ እንኳ መነጽራቸውን አውልቀው ጠበቁ።

«ምንም አላደረገችኝም» አለች። «ሥራ ከፈለገች ትደውልልኝ። ቁጥሬ ገጽዎ ላይ አለ።»

«ሻይ እንኳ ሳትቀምሺ?» አሉ ወይዘሮ ገበያነሽ።

«ሰኞ እመጣለሁ እትዬ፤ ከእርስዎ ነው የምጀምረው።»

በወንበሮቹ መካከል አልፋ ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።