የእድሩ ድንኳን ለሠርግ

የእድራችን ዕቃ ቤት ቁልፍ ያለው እኔ የሺ ጋ ነው። ሰብሳቢያችን ጋሽ አባይነህ ደግሞ ስድስት ኪሎ ሕግ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። «ድንኳኑ ከለቅሶ በቀር ለምንም አይወጣም» የሚለውን ደንብ የጻፉት እሳቸው ናቸው። አምና በልጄ በሚናስ ሠርግ ዝናብ ሲወርድብን ድንኳኑን ብለምናቸው፣ «ሕግ ለሁሉም እኩል ነው፣ የሺዬ» ብለው መለሱኝ። እንግዳዬ ሁሉ በስብሶ በላ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል!

ዘንድሮ ግንቦት ላይ የእሳቸው ልጅ ጽዮን ተዳረች። ሙሽሮቹ ከቤተ ክርስቲያን ሊመለሱ ሲሉ ሰማዩ ጠቆረ። የኪራዩ ድንኳን የውሃ ሽታ ሆኗል፤ ምግቡ ደግሞ ግቢው ውስጥ ተደርድሯል። የጋሽ አባይነህ ባለቤት እንቁ እየሮጠች መጣች።

«የሺ፣ በእናትሽ ዕቃ ቤቱን ክፈቺ!»

«ማን ሞተና?» አልኳት። በሠርግ ቀን የማይባል ነገር ነው፤ ይሁን!

ጎረቤቱ ሁሉ ጮኸብኝ። እኔ እቴ! ቁልፉን ደረቴ ውስጥ ሸጉጬ ቆምኩ። ያኔ ጋሽ አባይነህ በአዲሱ ሱፋቸው መጡ።

«ተዉአት፣ ልክ ናት። ደንብ ደንብ ነው። ምግቡን ወደ ቤት አስገቡ» አሉ። ራሳቸውም በአዲሱ ሱፍ አንዱን ድስት አነሱ።

አይ የኔ ነገር፣ አንጀቴን በሉት። ጽዮንም እጄ ላይ ያደገች ልጅ ናት፤ ቬሎዋ ሲጨቀይ ልይ?

«ደንቡን መለወጥ የሚችለው ማነው?» አልኳቸው።

«ጠቅላላ ጉባኤው።»

ዞር ብዬ አየሁ። የእድሩ አባል በሙሉ ነጭ በነጭ ለብሶ ግቢው ውስጥ ቆሟል።

«ታዲያ ይኸው ጉባኤ! ድንኳኑ ለማንኛውም አባል ለደስታም ይውጣ የምትሉ፣ እጅ አውጡ!»

ግቢው እጅ ብቻ ሆነ። ጋሽ አባይነህ ግን ወደ ውጭ በር ሄዱ።

«ኧረ ወዴት ነው?»

«የራሴ ጉዳይ ሲወሰን እዚህ መቆም የለብኝም።»

ዝናቡንም ያን ጊዜ ለቀቀው። ሰውዬው በአዲስ ሱፍ ደጅ ቆመው በሰበሱ።

«ይግቡ፣ ጸድቋል!» ብንላቸው፣ «ተቃዋሚ ጠይቃችኋል?» አሉን። በሳቅ ፈረስን።

ሙሽሮቹ ሳይደርሱ ድንኳኑ ቆመ። አንዱን ገመድ አብረን ስንወጥር፣ ውሃው ከአፍንጫቸው እየተንጠባጠበ ጠጋ አሉኝ።

«የሺዬ፣ የሚናስ ልጅ ክርስትና መቼ ነው?»

«በሚቀጥለው ወር።»

«ድንኳኑን የምተክለው እኔ ነኝ።»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

«ይሳቡ እንጂ ገመዱን!» አልኳቸው። «ሙሽራ እየመጣች ነው!»