ሠላሳ ጥቅል ጎመን

ሴትዮዋ ከወንዝ ውኃ ቀድታ ስትመለስ፣ የእህቷ ልጅ ከጓሮዋ ሦስተኛውን ጥቅል ጎመን ከነሥሩ ነቅሎ ጋሪ ላይ ሲያስቀምጥ ደረሰች። ጀርባዋ ላይ ያለውን ጀሪካን ሳታወርድ ቆመች።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ሠላሳ ብቻ ነው፣ አክስቴ። ነገ እንግዶች ይመጣሉ፤ ሠርቶ ማሳያው ደግሞ ባዶውን ነው።"

ሠርቶ ማሳያ የሚሉት መንገድ ዳር ሰሌዳ የተተከለበትን መሬት ነው። የመንደሩ ሴቶች የሚበሉትን ያመርቱበታል ተብሎ ከታጠረ ሁለት ዓመት አለፈው። ጉድጓዱ ተጀምሮ ቀረ፤ የውኃ ሞተሩም ከነካርቶኑ ግብርና ቢሮው መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበታል። ሞተሩን ፍለጋ ስድስት ጊዜ ተመላልሳለች፤ ስድስቱንም ጊዜ "ነገ ነይ" ተብላለች። ሲሰለቻት ጓሮዋን ቆፈረች፤ ውኃውንም በጀርባዋ እያመላለሰች አጠጣች።

"የሰው ወርቅ አያደምቅም ብለህ ለአለቃህ ንገረው።"

"ነግሬዋለሁ። 'ጎመኑ ከሌለ አንተም የለህም' አለኝ።" ቀና ብሎ አላያትም። "ከግብርና ቢሮው ከተባረርሁ እናቴን ምን አበላታለሁ?"

ደሟ ፈላ። አለቃው ፊቷ ቢቆም የምትለውን ታውቅ ነበር፤ ፊቷ የቆመው ግን በእጇ ያሳደገችው ልጅ ነው።

"ውሰድ። ከዓይኔ ጥፋልኝ" አለችው።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ መኪኖቹ መጡ። ሴቶቹ እንዲያጨበጭቡ ተሰልፈዋል። ማታውን ሠርቶ ማሳያው ላይ የተተከሉት ጎመኖች ጠውልገው ጆሯቸውን ጥለዋል።

"ሞተሩ ሥራ ከጀመረ ወዲህ እናቶቻችን ራሳቸውን ችለዋል" አለ የልጁ አለቃ፣ ከእንግዶቹ ፊት ፊት እየሄደ። እሷ ጋ ሲደርስ ቆመ። "እስቲ እርስዎ ይንገሯቸው፣ እናቴ። ጎመኑ እንዴት ይዟል?"

ለልጁ ስትል አፏን ዘግታ ልትመለስ ነበር የመጣችው። ይህ "እናቴ" የሚለው ቃል ግን አንጀቷን አሳረረው። ዞራ የእህቷን ልጅ አየችው፤ መሬት መሬቱን ያያል።

ጎንበስ ብላ አንዱን ጎመን በአንድ እጇ ሳብ አደረገችው። ሳይታገላት ወጣ። አፈሩን እንኳ ሳታራግፍ በዕድሜ ለገፉት እንግዳ አስታቀፈቻቸው።

"ትናንት ከጓሮዬ ተነቅሎ የመጣ ነው። ያጠጣሁትም እኔ ነኝ፣ በጀርባዬ ተሸክሜ። ሞተሩን ማየት ከፈለጋችሁ መጋዘን ነው ያለው፤ ተከተሉኝ።"

ማን እንደተከተላት ዞራ ሳታይ መንገዱን ጀመረች።