ያልተረገጠ ሰኞ ማክሰኞ

አቶ ፍቅረሥላሴ ከአዳማው ሥልጠና ሲመለስ ጨዋታን እሱ ራሱ የፈጠረው ይመስል ነበር። ሰበታ ላይ የአፀደ ሕፃናት ባለቤትና ርእሰ መምህር ሆኖ በኖረበት ዘመን ሁሉ ሲሮጥ ያገኘውን ልጅ ጆሮ ይዞ የሚያንበረክክ ሰው፣ አሁን መምህራኑን ሰብስቦ፣ በስጦታ ያገኛትን ቦርሳ ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ፣ «ጨዋታ የሕፃን ልጅ ሥራው ነው። የማይጫወት ሕፃን አይማርም፤ ጤናም የለውም» እያለ ይሰብክ ጀመር። መምህርት ተረፈች ከኋላ ወንበር አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ይህን ለማወቅ አዳማ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል? ሰውየው ይህን ሲናገር እኮ ልጆቹ በእረፍት ሰዓታቸው እጃቸውን አጣጥፈው ግድግዳ ሥር እንደተደረደሩ በመስኮቱ ይታዩ ነበር።

ጊዜው ታኅሣሥ 2008 ነው። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን መሬታችንን ሊውጥ ነው ተብሎ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ አገሩ ተነሥቷል፤ መንገዱ አንድ ቀን ይዘጋል፣ አንድ ቀን ይከፈታል። ከጥቂት ሳምንታት በፊት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሰልፍ በትምህርት ቤቱ አጠገብ ሲበተን አስለቃሽ ጭሱ በተረፈች ክፍል መስኮት ገባ። ልጆቹን በበሩ አስወጥታ ዓይናቸውን በውሃ አጠበች። ሁሉም እዬዬ አሉ። ሄመን ብቻ ድምፅ አላወጣችም። የገበሬው የኦቦ ቦጂያ የልጅ ልጅ ሄመን፣ በአማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ የምትጨርስ ለፍላፊ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ በትምህርት ቤትም በቤትም አንዲት ቃል አልወጣትም። ያስቀመጧት ቦታ እጇን አጣጥፋ ትገኛለች።

አቶ ፍቅረሥላሴ ይህን አየና ምን አደረገ? ሸለማት። ከቆርቆሮ የተቆረጠ፣ ቢጫ ቀለም የተቀባ ኮከብ ደረቷ ላይ ሰክቶ ሰልፍ ፊት አቆማት። «የሥነ ሥርዓት ኮከባችን ይህቺ ናት! እንደ ሄመን ዝም በሉ!»

ተረፈች ያን ዕለት ደሟ ፈልቶ ቢሮው ገባች። «አቶ ፍቅረሥላሴ፣ ይህቺ ልጅ ጨዋ ሆና አይደለም፤ ደንግጣ ነው። ከእኩዮቿ ጋር ይልቀቋት። ትሩጥ፣ ትጩህ፣ ትጣላ። አለዚያ እንዲሁ ዘግታ ትቀራለች።»

«ይጫወታሉ እኮ! ዕቅድ ይዣለሁ» አላት። «ግን በሥርዓት ነው።»

ሥርዓቱ እሑድ መጣ። ገበሬው ቤተ ክርስቲያን ሳለ አቶ ፍቅረሥላሴ አንድ የቀን ሠራተኛ ይዞ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ወዳለው መስክ ወጣ። የነኦቦ ቦጂያ ከብቶች የሚግጡበት መስክ ነው። ማንንም አልጠየቀም። ሰኞ ማክሰኞውን በሜትር እየለካ በኖራ አሰመረ፤ በየማዕዘኑ ችካል አስተከለ፤ ዙሪያውን ቀይ ሲባጎ ወጠረ። በማግስቱ ልጆቹ ሲያዩት ዓይናቸው በራ። እሱ ግን አርጩሜውን ከፍ አድርጎ፣ «ዓርብ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት እንግዶች መጥተው ይመርቁታል። እስከዚያ የረገጠውን አልምረውም!» አለ።

በዚያ ሰሞን፣ በዚያ አገር፣ ገበሬ መስክ ላይ ኖራና ችካል! እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ የአቶ ፍቅረሥላሴ ሥራ ግን ልጥ እንኳን አይመስልም፣ ቁርጥ እባቡን ነው። የዚያኑ ዕለት ረፋዱ ላይ ከየአውድማው የተነሡ ሰዎች መንሽና ዱላቸውን እንደያዙ መስኩን ሞሉት። ኦቦ ቦጂያ ከፊት ናቸው።

የጨዋታው ሊቅ በመስኮት አያቸውና፣ «የለም በሏቸው» ብሎ ጠመኔና መጥረጊያ የሚቀመጥበት ዕቃ ቤት ገብቶ ከውስጥ ቆለፈ። ወንድ ማለት እንዲህ ነው! በሩን ከፍታ የወጣችው ተረፈች ናት፤ ልጆቹም ተከትለዋት ወጥተው አጥሩ ሥር ቆሙ።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ቦጂያ» አለች።

«ሰላምታሽን ተዪው! ኩን ማሊ? ይሄ ምንድን ነው? ልጆቻችንን አምነን ብንሰጣችሁ መሬታችንን በጓሮ ታስለካላችሁ?»

«ኧረ በፈጠረዎት! የልጆች ጨዋታ እኮ ነው። ሰኞ ማክሰኞ ነው!»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ኖራውን አዩት፤ ዙሪያውን ዞሩት። «ጨዋታ ከሆነ የልጅ እግር የታለ?»

ተረፈችም አብራ ጎንበስ አለች። እውነታቸውን ነው። አንድ ዱካ የለበትም። ልጅ ያልረገጠው የልጅ መጫወቻ የት አገር አለ?

«ትዋሻለች!» አለ አንዱ ከኋላ። «እንንቀለው! ቤቱንም እናንድደው!»

ተረፈች ወደ ልጆቹ ዞረች። «ኑ ልጆች፣ ዝለሉበት! እኔ ፈቅጃለሁ!»

አንድም የተነቃነቀ የለም። እጃቸውን አጣጥፈው የቢሮውን መስኮት ያያሉ። እሰይ! ተምረዋል። አቶ ፍቅረሥላሴ በዕድሜው አንድ ነገር በደንብ አስተምሮ ቢገኝ ይህንኑ ነው።

ንዴቱ ፍርሃቷን አስረሳት። ጫማዋን አሽቀንጥራ ጣለች፤ ቀሚሷን ሰበሰበች፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ አንሥታ ሰኞ ላይ ወረወረች። ከዚያ በአንድ እግሯ እየዘለለች ገባች። ወፍራም ናት፤ ጉልበቷም ያማታል። ረቡዕ ላይ ስትንገዳገድ ከገበሬዎቹ አንዱ ሳቁ አመለጠው። ኀሙስ ላይ ተረከዟ ኖራው ላይ ዘጭ አለ።

«ረገጥሽ!»

ቀጭን ድምፅ ነው፤ ከአጥሩ ሥር የመጣ። «ቲቸር፣ መስመር ረገጥሽ! አየሁሽ! አታጭበርብሪ፣ ተራው የኔ ነው!»

ሄመን ናት። እጇ ተፈትቷል፤ እየሮጠች ትመጣለች።

መንሹ ከኦቦ ቦጂያ እጅ ወደቀ። «ኢንተላ ኮ… ልጄ…» አሉና ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። ሌሎቹ ልጆችም ሄመንን ተከትለው እየተጋፉ ሲባጎውን በጠሱት። ዱላ የያዙት ሰዎች መንገድ ለቀቁላቸው።

ጩኸቱ ሳቅ ሲሆን የሰማው አቶ ፍቅረሥላሴ ልብሱ ጠመኔ እንደለበሰ ከዕቃ ቤቱ ብቅ አለ። ኖራው ብን ሲል አየ። «ምረቃው! ከዓርብ በፊት ማን ፈቀደ? ሄመን! አንቺም? ኮከቡን መልሺ!»

ልጅቷ ቀጥ ብላ ቆመች። ተረፈች ፈራች፤ አሁን እንደገና ብትዘጋስ? አቶ ፍቅረሥላሴ እጁን ዘርግቶ ደግሞ አፉን ሊከፍት ሲል፣

«ዝም በል» አሉት ኦቦ ቦጂያ ከተቀመጡበት። «ተራዋ ነው።»

ሄመን ኮከቡን ከደረቷ ነቀለችው። የተዘረጋውን እጅ ዞር ብላም አላየች። ቆርቆሮውን መዳፏ ላይ መዘን አድርጋ ሰኞ ላይ ወረወረችውና በአንድ እግሯ ተሻግራው ማክሰኞ ላይ አረፈች።