የተውሶ ስም

ሻምበል መዳፏ እስኪቀላ ድረስ አጨበጨበች። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሁሉም ያንኑ ሰማያዊ ዩኒፎርም ለብሷል። መድረኩ ላይ የቆመው የአዲሱ ገዢ ተወካይ ገና አሁን "አየር መንገዱ ተሸጠ እንጂ ሠራተኛው አልተሸጠም፤ አንድም ሰው ከሥራው አይፈናቀልም" ማለቱ ነው። ከጎኗ የቆመው ሻንጣ ጫኝ፣ ባልደረቦቹ "ክሬን" የሚሉት ግዙፍ ሰው፣ ሁለት ጣቶቹን አፉ ውስጥ ከትቶ አፏጨ።

ሻምበል የውትድርና ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። የበረራ አስተናጋጅ ናት። ስሙን ያወጡላት የሥራ ጓደኞቿ ናቸው፤ ቀበቶውን ያላሰረ መንገደኛ ስታይ ፊቷ ላይ የሚወርደውን ጥቁር ደመና የሚያውቁት። ሽያጩ ከተወራ ጀምሮ ግን እሷም እንደ ማንኛውም ሰው ስትብሰለሰል ነበር የከረመችው። አሁን ተንፈስ አለችና ለእናቷ ደወለች።

"እማዬ፣ ተርፈናል! ማንንም አያባርሩም።"

"ተመስገን! ሁለታችሁም?"

"ሁለታችንም።"

እናትየዋ ስልኩን እንኳ ሳትዘጋ ለጎረቤት ማወጅ ጀመረች። ታናሿ ትኬት ክፍል፣ ታላቋ አውሮፕላን ላይ፤ ሁለት ሴት ልጆቼን ለትልቁ አየር መንገድ ዳርኳቸው እያለች ነው ሰፈሩን የምታሰለቸው።

ስብሰባው ሲያበቃ ለአዲሱ መታወቂያ ፎቶ መነሻ ሰልፍ ተያዘ። ሻምበል ፀጉሯን አስተካክላ፣ የአንገት ሻርፗን ደግማ አስራ ተራዋን ጠበቀች። ኮምፒውተሩ ጋ የተቀመጠው ጎልማሳ ስሟን ጻፈ። ደግሞ ጻፈው። ግንባሩን አከከ።

"የት ክፍል ነው የሚሠሩት?"

"የበረራ አስተናጋጅ ነኝ።"

"የየትኛው በረራ?"

"ወደ ትንንሾቹ ከተሞች። ባለ ፕሮፔለሮቹ።"

"አሃ!" አለ ሰውየው፤ እንቆቅልሹ የተፈታለት ይመስል ፊቱ በራ። "የዋነስ ነዎታ! እርስዎ እኮ የእኛ ሠራተኛ አይደሉም።"

ሻምበል ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነው። ከዚያ ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ።

ማወቁንስ ታውቃለች። ደመወዟን የሚከፍላት ዋነስ ነው። ዋነስ የአንድ አዛውንት ካፒቴን ድርጅት ነው፤ ጥቂት ትንንሽ አውሮፕላኖች አሉት፤ በውል የትልቁን አየር መንገድ ስም ተውሶ፣ የእሱን ቀለም ተቀብቶ፣ የእሱን ትኬት እየተቀበለ ትልቁ የማያርፍባቸው ሜዳዎች ላይ ያርፋል። የዋነስ ስም የሚገኘው ከአውሮፕላኑ በር በታች፣ ከጥፍር ባነሰ ፊደል ነው፤ መንገደኛ ሁሉ ሳያነበው ተራምዶት ይገባል። እሷም በየበረራው ማይክራፎን አንስታ "በትልቁ አየር መንገድ ስም እንኳን ደህና መጣችሁ" ስትል ዓመታት አልፈዋል። ለሰው ስትናገር ስትናገር ራሷም አምናው አረፈችው። የስብሰባው መልእክት ስልኳ ላይ ሲደርስ ለእኔ ነው ወይ ብላ አልጠየቀችም፤ እንደ እሷ የዋነስ ሠራተኛ የሆነው ክሬንም አልጠየቀም። መልእክቱ የተላከውም ዩኒፎርሙን ለለበሰ ሁሉ በጅምላ ነበር።

"የዋነስ ሠራተኛስ ምን ይሆናል?" አለች።

ሰውየው ዓይኑን ሰበረ። "አልሰሙም እንዴ? አዲሶቹ የራሳቸው ትንንሽ አውሮፕላኖች አሏቸው።"

ክው አለች። ከኋላዋ ክሬን አንገቱን አስግጎ "ምን አለሽ?" ይላል። እጁን ይዛ ከሰልፉ ስታወጣው ያ ግዙፍ ሰው እንደ ሕፃን ተከተላት። በሩ ላይ ሲደርሱ ነገሩን ነገረችው። መሬት መሬቱን እያየ "ለካ በሰው ሰርግ ነው ስንጨፍር የቆየነው" አለ።

ታናሽ እህቷ ደረጃውን እየሮጠች ወርዳ ደረሰችባት። ወሬው ቀድሟት ዓይኗ ቀልቷል።

"እቴቴ፣ ስሚኝ፤ አለቃዬን ለምኜልሻለሁ። ለአዲሶቹ አውሮፕላኖች አስተናጋጅ ይመርጣሉ። ፈተናው ዛሬ ከሰዓት ነው።"

"ከሰዓት በረራ አለኝ።"

"ሌላ ሰው ይብረራ!"

"ሌላ ሰው የለም። እኔ ከሌለሁ አውሮፕላኑ አይነሳም፤ ደንብ ነው።"

"ለማን ብለሽ ነው? ነገ ለማይኖር ድርጅት?" ሻርፗን ጎትታ አስተካከለችላት። "እባክሽ። እማዬ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግራለች።"

ሻምበል አያለሁ ብላ ሄደች። እግሯ ወዴት እንደሚወስዳት ሳታስተውል ራሷን የዋነስ አውሮፕላኖች ማደሪያ ሃንጋር ውስጥ አገኘችው። ካፒቴኑ በአንዱ አውሮፕላን ክንፍ ጥላ ሥር የዘይት በርሜል ላይ ተቀምጠዋል። ሠራተኛው ሁሉ አባባ ይላቸዋል። እንዲህ ኩርምት ብለው አይታቸው አታውቅም።

"እውነት ነው አባባ?"

"እውነት ነው ልጄ። ዛሬ ጠዋት በስልክ ነገሩኝ።" ድምፃቸው ሻክሯል። "ባለቤት ከተቀየረ ውሉ ይፈርሳል የሚል ነበረበት። ይሄን የሚያህል ድርጅት ደግሞ ማን ይገዛዋል ብዬ እየሳቅሁ ነው የፈረምኩት።"

"አሁን ታዲያ?"

"በስማቸው እስከ ወሩ መጨረሻ እንጠቀማለን። ከዚያ ቀለሙን መፋቅ፣ ዩኒፎርሙንም መመለስ ነው።"

"መብረሩንስ?"

"መብረርማ ማን ይከለክለናል? ፈቃዱም አውሮፕላኑም የእኛ ነው። ግን ማን ይሳፈርልኛል? ዋነስ ቢባል ማን ያውቃል?" እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው ተነሡ። "ለመንገደኛ ምንም ትንፍሽ እንዳትይ። ይደነግጣሉ።"

ሻምበል አዘነችላቸው፤ ተናደደችም። በእሳቸው ነው፣ በአዲሶቹ ነው፣ ወይስ በራሷ፣ ለይታ አላወቀችውም። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም መንገደኛ የዋነስን ስም እንዳይሰማ ስትጠነቀቅ የኖረችው እሷው ናት።

መንገደኞች መሳፈር ሲጀምሩ ስልኳ ጮኸ። እህቷ ናት። "እቴቴ፣ ሊጠሩሽ ነው! የት ነሽ?" ሻምበል የአውሮፕላኑ በር ላይ ቆማ ነበር። ለዓይናቸው ሕክምና የሚመላለሱት አሮጊት ደረጃውን እየዳበሱ ይወጣሉ፤ ሁሌ እንደምታደርገው ክንዳቸውን ያዘች። "አውሮፕላኔ ላይ ነኝ" አለችና ስልኩን ዘጋችው።

በሩ ገና አልተዘጋም። ማይክራፎኑን አነሳች።

"የተከበራችሁ መንገደኞቻችን" ብላ ጀመረች። የቀረው እንደ ወትሮው በራሱ ሊወጣ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። "በዋነስ አየር መንገድ ስም እንኳን ደህና መጣችሁ።"



"ማን አለች?" አለ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠው ባለ ከረባት ሰው። "የተሳሳተ አውሮፕላን ነው እንዴ የተሳፈርነው?"

አሮጊቷ ቀበቷቸውን መፍታት ያዙ። "ወይ ጉዴ! ልጄ ጣቢያ ይጠብቀኛል እኮ!"

"አልተሳሳቱም እማማ። ይቀመጡ" አለች ሻምበል። "ትኬቱ ላይ ያለው ስም የተውሶ ነው፤ በቅርቡ እንመልሰዋለን። አውሮፕላኑ ግን የዋነስ ነው። አብራሪውም የዋነስ ነው። እኔም።"

"እና እስከ ዛሬ ለዓይኔ ስታመላልሱኝ የኖራችሁት እናንተ ናችሁ?"

"እኛ ነን።"

"ታዲያ እስካሁን አፍሽን ምን ያዘው?"



ባለ ከረባቱ ሰው ብድግ አለ። "እኔ ትኬት የቆረጥኩት ለትልቁ ነው" አለና ቦርሳውን ከላይ አውርዶ፣ በአጠገቧ አልፎ፣ ደረጃውን ወረደ። የአብራሪው ክፍል በር ተከፈተ፤ አባባ አንገታቸውን አውጥተው ባዶውን ወንበር አዩ፤ ቀጥሎ እሷን አዩ። ሻምበል ማይክራፎኑን ወደ ማስቀመጫው መለሰችው። ሌላውም ተከትሎ ቢነሳስ?

ከኋላ አንድ ድምፅ ተሰማ።

"እህቴ፣ ማን ነበር ያልሽው? እዚህ ጋ አልተሰማንም።"

አሮጊቷ ቀበቷቸውን እንደያዙ ናቸው፤ አላሰሩትም፣ አልለቀቁትምም። አባባ ከበሩ አልተንቀሳቀሱም። ሻምበል ማይክራፎኑን መልሳ አነሳችና፣ ከቅድሙ ጎላ አድርጋ፣ የመጨረሻው ወንበር ድረስ ስሙን ደገመችው።