የድርቆሽ ውለታ

ኮራሊ ትራንተር ቁጥር የተጻፈበትን ካርድ ወደ ላይ ስታነሳ በግ መሸለቻው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ጸጥ አለ።

ጸጥታውን ወደደችው። ሠላሳ ዓመት መድረክ ላይ የቆመ ሰው የጸጥታን ዓይነት ይለያል። ጊታሩ የመጨረሻዋን ድምፅ ጨርሶ፣ ሰዉ እጁን ለጭብጨባ ከማንሳቱ በፊት የሚመጣ ጸጥታ አለ። ኮራሊ ይሄንንም እንደዚያ ቆጠረችው። ፈገግ ብላ ጠበቀች። ጎረቤቶቿ ግን የሱፍ ቦንዳው ላይ እንደተቀመጡ ጫማ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

"አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ዶላር፣ ከእኛዋ ኮራሊ!" አለ አጫራቹ መርቭ ዳውሊንግ። "ማነው የሚጨምር? ኧረ ጎበዝ! አጥሩ የተጠበቀ፣ ጉድጓዱ ውኃ ያለው፣ ወንዝ ዳር የተኛ መሬት እኮ ነው። የእኔን ምላስ ተጠራጠሩ፣ መሬቱን ግን አትጠራጠሩ!"

ማንም አልሳቀም። ቡራጎንግ ውስጥ በመርቭ ቀልድ የማይሳቅበት ቀን ቀብር ብቻ ነው።

"አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ… አንደኛ…" አለና መርቭ መዶሻውን በአየር ላይ ይዞ አንገቱን ወደ በሩ መለሰ። የመሬቱ ባለቤት፣ የኮራሊ ታላቅ ወንድም ኔቪል፣ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ኔቪል ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። "ዋጋው እንዳለ ይቆይ። ሻይ እንጠጣ እስኪ" አለ መርቭ። "ባለቤቱን ላነጋግር። ከባንክ ጋር መደወል የሚፈልግም ይደውል።"

ሰዉ እየተገፋፋ ወጣ። ኮራሊ ካርዷን እንደያዘች ቀረች።

እርሻው ለእሷ እርሻ ብቻ አልነበረም። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ባንክ መሬቱን ሊወስድ ሲመጣ አባቷ የግቢው በር ላይ ቆሞ አደረ፤ እሷ ያንን ሌሊት ዘፈን አደረገችው። ዘፈኑ አገሩን አዳረሰ። ከዚያ ዘፈኑ ንግግር ወለደ፤ ኮራሊ በየትምህርት ቤቱ፣ በየማዕድን ማውጫውና በየገበሬው ስብሰባ እየዞረች ተስፋ የቆረጠውን ሁሉ "አንድ ጠዋት ጨምሩ!" የምትል አነቃቂ ተናጋሪ ሆነች። ንግግሩ በድርቅ ለተመቱ ገበሬዎች የከብት ድርቆሽ የሚልክ በጎ አድራጎት ወለደ፤ በጎ አድራጎቱ ደግሞ ስሟ በትልቁ የተጻፈበት ነጭ አውቶቡስ፣ ኮፍያና የቁልፍ መያዣ ወለደ።

በዚህ ሁሉ መሀል ግን ድርቆሹ እውነት ነበር። በድርቁ ዓመታት በረሃውን አቋርጦ በመጣው የከባድ መኪና ሰልፍ ውስጥ አንደኛዋን የነዳችው ራሷ ናት። ካሜራው ከጠፋ በኋላም ጓንቷ እስኪበሳ እስሩን ስታወርድ ያዩ ሰዎች ዛሬ ግቢው ውስጥ ሻይ እየጠጡ ነው።

ንግግሯን ሁልጊዜ የምትዘጋው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ "ወንድሜ ኔቪል ዛሬም እዚያው መሬት ላይ ነው፤ አልሸጠም!" እዚህ ላይ ሰው ያለቅሳል፤ ኮፍያውም ይሸጣል። ባለፈው ወር ኔቪል ደውሎ "እየሸጥኩ ነው" ሲላት መጀመሪያ ያሰበችው ንግግሩን ነው። እሱ ከሸጠ ንግግሩ መጨረሻ የለውም። ስለዚህ የበጎ አድራጎቱን ቦርድ ሰብስባ አሳመነች፤ ድርጅቱ እርሻውን ገዝቶ "የጽናት ማዕከል" ያደርገዋል። ለኔቪል አልነገረችውም። ድንገት ልታስደስተው ነበር።

ሻዩን የምትቀዳው የጎረቤት እርሻ ባለቤቷ ወይዘሮ ሃዝላም ነበረች፤ ሰማንያ ዓመት ሞልቷት ማንቆርቆሪያውን በአንድ እጇ የምታነሳ ሴት።

"ወይዘሮ ሃዝላም፣ ምነው ሰዉ ሁሉ ለቅሶ የመጣ መሰለ?"

"በቤተሰብ ላይ ዋጋ አይጨመርማ፣ ልጄ። የእናቴ ዕቃ ሲሸጥ የልብስ ስፌት መኪናዋን በሃምሳ ሳንቲም ነው የወሰድኩት። አንድ ሰው አፉን አልከፈተም። ወጋችን ነው።"

"ይሄ ግን የስፌት መኪና አይደለም።"

"ለዚህ ነዋ ፊታቸው የጠቆረው። ስኳር ልጨምርልሽ?"

"አልፈልግም። እኔ ሰው እንዲያዝንልኝ አልመጣሁም። ሌላ የሚገዛ ካለ ይጨምር!"

"ማን ይጨምር?" ወይዘሮ ሃዝላም በማንኪያው ግቢውን ዙሪያውን አሳየቻት። "ከዚህ ሁሉ ሰው ውስጥ ያንቺን ድርቆሽ ያልበላ በግ ያለው ማነው? ያን ብሮዲን እይው፣ አጥሩ ጋ የቆመውን። ባንክ ብድር ፈቅዶለት፣ ሱሪውን አስተኩሶ፣ ሚስቱንና ልጁን ይዞ የመጣው ይሄን መሬት ሊገዛ ነው። እዚያች የአባቱ ቁራሽ ላይ ሦስት ቤተሰብ ተፋፍጎ ነው የሚኖረው። መንጋውን ያተረፍሽለት አንቺ ነሽ። ታዲያ ባንቺ ላይ እጁን ያንሳ? በየትኛው ፊቱ?"

"ማንንም ክፈሉኝ ብዬ አላውቅም!"

"አላልሽም። ለዚህ ነው መክፈያው የጠፋቸው።" ብርጭቆውን ሰጠቻት። "ጠጪ፣ ይቀዘቅዛል።"

ኔቪልን ያገኘችው ከመሸለቻው ጀርባ፣ የበግ ማጎሪያው ብረት ላይ ተደግፎ ነው። መኪናው ጥላ ሥር ቆሟል፤ ሚስቱ ግሌኒስ ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጣ፣ በመስኮቱ በኩል እግሯን አውጥታ ተኝታለች። ትናንት ሆስፒታል፣ የኩላሊት እጥበት ላይ ነበረች።

"ደስ ይልሃል ብዬ ነበር፣ ኔቭ።"

"ለምኑ?"

"መሬቱ ከቤተሰብ አይወጣም። እናንተም ቤታችሁን አትለቁም። ማዕከሉን ለማየት ሰው ሲመጣ የአባባን ታሪክ ትነግራቸዋለህ።"

"በሩ ላይ ያደረበትን?"

"አዎ።"

"ሌሊቱን የዘፈንሽው አንቺ ነሽ። ጠዋት ተነስቼ ከብት ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ስለ ጠዋቱ የጠየቀኝ ሰው የለም።" ኔቪል አልጮኸም። እሱ ጮኾ አያውቅም፤ ከውሻ ጋር እንኳን በሹክሹክታ ነው። "እኔ ልሸጥ የቆረጥኩት ዛሬ መሰለሽ? ግሌኒስ የታመመች ዓመት ነው። ይኸው ስድስት ዓመቱ። ከመርቭ ጋር ተስማምተን ጨርሰን፣ የዚያኑ ዕለት አንቺ ቴሌቪዥን ላይ ወጣሽ። 'ወንድሜ አይሸጥም' አልሽ። በማግስቱ ዳቦ ልገዛ ስገባ ሰው ሁሉ ጀርባዬን እየመታ 'ጀግና!' ይለኛል። ባለ ዳቦ ቤቷ ሒሳብ አልቀበልም አለች። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልሽጥ?"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ደስ ብሎሽ ነበራ።"

ኮራሊ አጠገቡ ብረቱ ላይ ተደገፈች።

"በሳምንት ሦስት ቀን ነው የምወስዳት" አለ ኔቪል ወደ መኪናው እያየ። "ሦስት ሰዓት ለመሄድ፣ ሦስት ሰዓት ለመመለስ። ስንመለስ መንገድ ላይ ታስመልሳለች። ባሕሩ ዳር ያገኘነው ቤት መንገዱን ስትሻገሪ ሆስፒታል ነው። ይሄ መሬት ደህና ዋጋ ካወጣ እንገዛዋለን። አንቺ በጠራሽው ከሆነ ግን የባንኩን ከፍለን የሚተርፈን ያንቺ ፖስተር ነው።"

"እጨምራለሁ!"

"በማን ገንዘብ? ጡረተኞች 'ለድርቆሽ' ብለው በላኩት?"

ከመኪናው ውስጥ የግሌኒስ ድምፅ መጣ፤ ዓይኗን አልከፈተችም። "ተዋት እንግዲህ፣ ኔቭ። ክፉ አስባ አይደለም።"

"ክፉ አስባ ቢሆን ኖሮማ ስድስት ዓመት ዝም አልላትም ነበር" አለ ኔቪል። ከዚያ ወደ እህቱ ዞረ። "ጸንቶ ቀረ ተብሎ አይዘፈንልኝ፣ ኮሪ። ሽጦ ሄደ ይባል። በቃ።"

የመርቭ ደወል ተሰማ። ኮራሊ ከወንድሟ ኋላ ተከትላ ገባች። ነገ ሌላ ከተማ ውስጥ አዳራሽ ሙሉ ሰው ይጠብቃታል፤ የንግግሩ መጨረሻ ላይ ስትደርስ ምን እንደምትል አታውቅም። ካርዱ አሁንም እጇ ላይ ነው። ዝም ካለች፣ ዝም ብላ ብቻ ከቆመች፣ ጎረቤቶቿ በጨዋነታቸው ዘፈኑንም ንግግሩንም ያተርፉላታል። ኔቪልም ተስፋ ቆርጦ እሺ ይል ይሆናል።

"አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ላይ ነን" አለ መርቭ። "የሚጨምር?"

ኮራሊ ብሮዲን ፈለገችው። በመሸለቻው ወለል ወዲያኛው ዳር፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ እየጠመዘዘ ቆሟል። አጠገቡ ሚስቱ ቴጋን ጥርስ የጀመረ ወፍራም ሕፃን በአንድ ክንዷ ታቅፋለች። ካርዱን የያዘችው እሷ ናት። ከልጁ ብርድ ልብስ ሥር ወሽቃው ጫፉ ብቻ ይታያል።

"አንደኛ… ሁለተኛ…"

"መርቭ፣ ዋጋዬን ሰርዣለሁ።"

"ምን አልሽ?"

"መዶሻው አልወረደም አይደል? ሰርዣለሁ። አልገዛም።"

መሸለቻው አጉረመረመ። ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። በልማዷ ትከሻዋ ቀና አለ፤ ቃላቱ ራሳቸው መጡ፣ "ወዳጆቼ" የሚለው፣ ከዚያ የሚከተለው ትንሽ ፋታ፣ ደረት ላይ የሚያርፈው እጅ። እንደ መድኃኒት ዋጠቻቸው።

"ወንድሜ መሸጥ ይፈልጋል" አለች። "በደህና ዋጋ።"

ይህን ብላ የጨረሰች መሰላት። ባሰ። አሁን ደግሞ አዘኑላት። ከኋላ አንዱ ሽማግሌ ኮፍያውን አወለቀ። ገንዘብ ያጠራት ወይም ሐዘኑ የበረታባት መስሏቸው ይሁን፣ ብቻ ዝነኛዋ ኮራሊ ከአባቷ መሬት ላይ እጇን ካነሳች በኋላ ቀድሞ ዘሎ የሚገባው ማነው? መርቭ ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ… እ… ከአንድ ሚሊዮን እንጀምር?" አለ። ካርድ ያነሳ የለም። ኔቪል በሩ ላይ ዓይኑን ጨፈነ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ንግግር ያልፈታው ነገር ሲገጥማት ኮራሊ ንግግር ትጨምርበት ነበር።

ካርዷን የሱፍ መደርደሪያው ላይ አስቀምጣ ወለሉን አቋርጣ ሄደች። የበግ ቅባት ያወዛው ጣውላ ቡትሷ ሥር አንሸራተታት። ቴጋን ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አፈገፈገች።

"ስሙ ማነው?" አለች ኮራሊ።

"አርሎ።"

"ከባድ ነው?"

"ክንዴን ጨርሶታል።"

"ስጪኝ።"

"ኮራሊ… እኛ እኮ ድርቆሹን አልረሳንም" አለች ቴጋን ዝቅ አድርጋ። ፊቷ ቀልቷል። "እንደ ውለታ ቢስ እንዳታዪን። ብሮዲም ብሏል፣ አንቺ ከፈለግሽው—"

"በጎቹ በሉት፣ አለቀ። ልጁን ስጪኝና እጅሽን ለካርዱ ፍቺ።"

ቴጋን ባሏን አየችው። ባሏ በሩ ላይ የቆመውን ኔቪልን አየ። ኔቪል አንዴ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ሕፃኑ ከክንድ ወደ ክንድ ተሻገረ፤ ገና ሳይደላደል የኮራሊን ጃኬት ባለ ኮከብ ቁልፍ ወደ አፉ ከተተ።

"አንድ ሚሊዮን አራት መቶ" አለች ቴጋን። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር።

"አራት መቶ! ተባረኪ!" መርቭ ከእንቅልፉ የነቃ መሰለ። "አራት መቶ ከወጣቶቹ! ማነው—"

"አምስት መቶ" አለ ከቦንዳዎቹ ላይ የወይዘሮ ሃዝላም የበኩር ልጅ።

ቴጋን ዞራ ገላመጠችው። "ስድስት!" አለች።

ኮራሊ ሰው እሷን ማየት ትቶ አጫራቹን እንዲያይ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጫጫታው ሲበረታ ሕፃኑ አኩርፎ ሊያለቅስ ከንፈሩን ዘረጋ። ልታዜምለት አፏን ከፈተች፤ ከዚያ መልሳ ዘጋችው። ከኋላዋ ቁጥሩ እየጨመረ ሲሄድ፣ ድምፅ ሳታሰማ በክንዷ እያወዛወዘች እሹሩሩ አለችው።